ቂም ይዞ ጸሎት

በላስታ ደጋ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ከቅጽሩ ውጭ ቢቆም ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። ሌሊቱን ከሚስቱ ጋር አድሯል፣ ሕልመ ሌሊት አግኝቶታል፣ አለዚያም እህል ቀምሷል። ሴት ከሆነች የወር አበባዋ መጥቷል። እንዲህ ያሉት ከዛፍ ሥር ተጠግተው ቅዳሴውን በሩቅ ይሰማሉ፤ ተሳልመውም ይመለሳሉ። በዚያው ዕለት ግን ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ዓመታት ያልተነጋገረ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ፣ ሰተት ብሎ ይገባል። ከልካይ የለበትም። እሱም ቢሆን ራሱን አይከለክልም፤ ከምግብም ከሴትም ርቆ አድሯልና ንጹሕ ነኝ ብሎ ያምናል።

እኔ የምሟገተው ከዚህ እምነት ጋር ነው። ከቅጽር ውጭ ቆመው የሚያለቅሱትን እናቶች ፍርሃት አልነቅፍም፤ በእግዚአብሔር ፊት እንዲህ መንቀጥቀጥ ራሱ ትልቅ ሀብት ነው። የምነቅፈው ይህን ሁሉ ፍርሃት ለሥጋ ብቻ ሰጥተን ልብን ያለ ጠባቂ መተዋችንን ነው። የአገራችን ሰው “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይላል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ግን አንሠራበትም።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይህን አድልዎ አላስተማረንም። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ እጁን ታጥቦ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ፣ ወደ ምሥጢሩ እንዳይቀርብ ከሚከለክላቸው መካከል በልቡ ቂምና በቀል የቋጠረውን ከዝሙት አስቀድሞ ይጠራዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይም ጌታ ልባቸው ንጹሕ የሆኑትን ካመሰገነ በኋላ፣ በዚያው ትምህርት፣ ወንድሙ የተቀየመበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዝዛል። ታዲያ ከቁርባን በፊት የ18 ሰዓቱን ጾም ጠንቅቀን ስንቆጥር፣ ከጎረቤታችን ጋር ያልተነጋገርንባቸውን ዓመታት የሚቆጥርልን ማን ነው?

ከዚህ ልማድ የባሰ ሌላ አለ። ልጆቻችን በ40 እና በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ። ጉርምስና ሲመጣ ግን ከቁርባን ይርቃሉ። በሰማንያ ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ያርሳሉ፣ ይካሰሳሉ፤ ጸጉራቸው ሲሸብት፣ ደማቸው ሲቀዘቅዝ ባልና ሚስት አብረው ይቆርባሉ። ለምን እስከዚያ እንደሚቆዩ ሲጠየቁ መልሳቸው “ወጣትነት እሳት ነው፣ አልበቃሁም” ነው። ትሕትና ይመስላል። በዚህ መልስ ውስጥ ግን ንጽሕና ማለት የሥጋ ፍላጎት መድከም ነው የሚል ትልቅ ስሕተት ተሸፍኗል። ፍላጎት በዕድሜ ይደክም ይሆናል፤ ቂም ግን አይደክምም፣ ይልቁንም እያደር ይጠነክራል። እስከ ሰባ ዓመት የቆየ ሰው ይቅርታ ሊጠይቀው የሚገባው ባላጋራው ብዙ ጊዜ ወደ መቃብር ወርዷል። ያን ጊዜ ምን ሊያደርግ ነው? ፍትሐት ያስፈታለት ይሆናል፤ እርቅ ግን አምልጦታል።

ካህናቱም ምእመናኑም በቃላቸው የሚያውቁት መዝሙር 50 የማን ጸሎት እንደሆነ እናስታውስ። ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት የለመነው ዳዊት የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ ነው። በእጁ ደም ሳለ ለመነ እንጂ እስኪያረጅ አልጠበቀም። ንጽሕና የላስታ ገበሬ ማሳ ነው፤ ዘንድሮ ድንጋዩ ተለቅሞ ለከርሞ ማረሻው ሌላ ድንጋይ ያወጣል፣ ገበሬውም እንደገና ይለቅማል። ድንጋዩ እስኪያልቅ አላርስም የሚል ሰው በዚህ ምድር አዝመራ አይሰበስብም።

ታኅሣሥ 29 የጌታም የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነው። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጋይንት ሕዝቡ ቀናት ተጉዞ ወደ ላሊበላ ከተማ ይመጣል። የከተማዋ ወጣቶች የእንግዶቹን እግር ያጥባሉ። በቤተ ማርያም ካህናቱ ከማሜ ጋራ ላይና ከታች ሆነው የልደቱን ዝማሬ ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ፣ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የሰዎች ምሳሌ ናቸው፤ በዓሉ የሰማይና የምድር እርቅ ነውና። ቦታውም የእርቅ ቦታ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ንጉሥ ሐርቤ በወንድሙ በላሊበላ ቀንቶ አሳድዶት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ዙፋኑን ለወንድሙ ለቆ ታረቁ። ተሳላሚው 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ፣ ዓለቱን ስሞ፣ ለላሊበላ በተሰጠው ቃል ኪዳን ኃጢአቴ ተሰረየ ብሎ ደስ ብሎት ወደ መንደሩ ይመለሳል። መንደሩ ሲደርስ ግን ያኮረፈውን ወንድሙን ደጅ አልፎ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ቃል ኪዳኑን አልክድም። የሁለት ወንድማማቾች እርቅ በተተረከበት ምድር ላይ ያለ እርቅ ቃል ኪዳን መፈለግ ግን የላሊበላን ስም ይዞ ላሊበላን መርሳት ነው።

ነገሩ የአንድ መንደር ኩርፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድምፄን ይህን ያህል ባላሰማሁ ነበር። ከ2013 ሐምሌ መጨረሻ እስከ 2014 ታኅሣሥ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተመላልሳለች። በ2016 ጥቅምትም በከተማዋ ተኩስ ተሰምቷል። በእነዚህ ውጊያዎች በየወገኑ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ማተብ ያሰሩ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ወጣቶች ናቸው። ሲያረጁ እንዲቆርቡ የተነገራቸው ወጣቶች ማለት ነው፤ ስንቱ ለዚያ ዕድሜ ሳይደርስ ቀረ! ጥላቻ በሚፈላበት ዕድሜ ስለ ልብ ንጽሕና ማንም በብርቱ አልጠየቃቸውም። በየጉባኤው ስለ ሱሪና ስለ ነጠላ ሲሰበክላቸው፣ በልባቸው ስለሚያድረው ቂም የሰሙት ጥቂት ነው።

በከተሞች ለውጥ እንዳለ አውቃለሁ። ማኅበረ ቅዱሳን ከተመሠረተበት ከ1984 ወዲህ፣ በሰንበት ትምህርት ቤቶችም ብርታት፣ ንስሐ ገብተው የሚቆርቡ ወጣቶች በዝተዋል፤ ደስ ይለኛል። በገጠሩ ላስታ ግን የነፍስ አባት በአብዛኛው ቤት ጠበል የሚረጭ፣ በዝክር ቀን ጠላ የሚባርክ እንግዳ ሆኗል። የሚገርመው፣ ጠላው ራሱ ከእኛ የበለጠ ይጠነቀቃል፤ በጽዋ ማኅበር የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ አይጠጡም፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴውና ማኅበርተኛው ያስታርቋቸዋል። ለጠላ የሚጠየቀው እርቅ ቅጽር ለመግባት ለምን አይጠየቅም?

ስለዚህ ከነፍስ አባቶች የምሻው አንድ ልማድ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ ጠበሉን ከመርጨታቸው አስቀድሞ “ከማን ጋር ነው የማትነጋገሩት?” ብለው ይጠይቁ፤ ከሽማግሌው ይልቅ ወጣቱን ይጠይቁ። መልሱ ከመጣ ቀኖናው ስግደትና ጾም ብቻ አይሁን፤ ወደዚያ ሰው ደጅ መሄድ ይጨመርበት። ወጣቱ ብቻውን መሄድ ከከበደው ካህኑ መስቀሉን ይዞ ከሁለት ሽማግሌ ጋር አብሮት ይሂድ። የድንበሩ ክርክር በቀበሌም በፍርድ ቤትም ሊቀጥል ይችላል፤ እስኪፈረድ ግን ሁለቱ ሰላምታ መለዋወጥ ይችላሉ። ይህን ለመጀመር አዲስ ሥርዓት መጻፍም ሆነ ከሲኖዶስ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም።