ኳስ ከለላ አልነበረችም

በ2ኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ኮሌጆች ፉትቦል ይጫወቱ የነበሩትን ወጣቶች፣ እኩዮቻቸው በጦር ሜዳ ሲረግፉ በትምህርት ቤት ጥላ ሥር ተጠልለው ውዳሴ ከንቱ እንደ ሰበሰቡ አድርጎ የሚከስ ድርሰት ታትሞ አነበብን። ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ግን ከሐሜት አይለይም።

በ1943 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የባሕር ኃይሉ ቪ-12 የተባለውን የመኰንኖች ሥልጠና በዩኒቨርሲቲዎች ሲያቋቁም፣ የገቡበት ወጣቶች የደንብ ልብስ የለበሱ፣ በወታደር ሕግ የሚተዳደሩ፣ ትእዛዝ በመጣ ቀን መጽሐፉንም ኳሱንም ትተው የሚነሡ ነበሩ፤ የኖትር ዴም ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች አንጄሎ በርቴሊ በዚያው ዓመት ስድስት ግጥሚያ ብቻ ተጫውቶ ወደ ማሪን ጦር ተጠራ፣ ለኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ያገኘውም ከሄደ በኋላ ነው፤ ኋላም በኢዎ ጂማ ተዋጋ። ምድር ጦሩ በበኩሉ በኮሌጅ የሚያሠለጥናቸውን ከኮሌጆች ግጥሚያ ጨርሶ ከልክሏቸው ነበር።

የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተጫዋቾች እስኪመረቁ መቆየታቸው እውነት ነው፤ ይህ ግን የዕጩ መኰንኖች ሁሉ ሥርዓት እንጂ ለኳስ የተሰጠ ጸጋ አልነበረም።

የድርሰቱ ጸሐፊ በደል ፍለጋ ሲደክሙ ጃክ ዮሺሃራን ማለፋቸው ይደንቃል፤ የጃፓን ጥቃት ተፈርቶ የጃንዋሪ 1 ቀን 1942ቱ የሮዝ ቦል ግጥሚያ ከፓሳዴና ወደ ደርሃም ሲዛወር፣ ይህ የኦሪገን ስቴት ተጫዋች በጃፓናዊነቱ ብቻ ከጓደኞቹ ጋር እንዳይጓዝ ተከለከለ፣ ቀጥሎም ከወገኖቹ ጋር በግዞት ሰፈር ታጐረ። ወቀሳ የሚገባቸው እንግዲህ የተጫወቱት ሳይሆኑ እርሱን የከለከሉት ናቸው።