ከሥዕሉ ሥር የማን ስም ይጻፍ?

ስልካችሁ ላይ የድሮ የዕፅዋት ሥዕል ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ነጣ ያለ ወረቀት፣ አንድ ቅርንጫፍ፣ ጎኑ ላይ ለብቻዋ ጎላ ተደርጋ የተሳለች አበባ። የኛው ጤፍና ኮሶ የተሳሉበት ሲገኝ ደግሞ ብዙ ሰው «የጄምስ ብሩስ ሥዕል» ብሎ ሼር ያደርገዋል። እኔ በዚህ አልስማማም።

ስኮትላንዳዊው ብሩስ በ1769 እ.ኤ.አ. በምፅዋ በኩል ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ልጅ አብሮት ነበር። መጀመሪያ የተቀጠረው የሰሜን አፍሪካን የሮማውያን ፍርስራሽ እንዲስል ነው። እዚህ ሲደርስ ግን እጁ ወደ ኮሶ፣ ወደ እንሰት፣ ወደ ጤፍ ዞረ።

ጤፍ መሳል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፍሬዋን ለማየት ራሱ ዓይን ማጥበብ ይጠይቃል፤ ዘለላዋ ደግሞ ፀጉር ነው። ያኔ ካሜራ የለም። ተቀጥፎ የደረቀ ተክልም መልኩን ይለቃል። ስለዚህ ሳይጠወልግ ቁጭ ብሎ ማየት፣ በእርሳስ መንደፍ፣ ቀለሙን በውሃ እያቀጠኑ መደራረብ ነው። እንደ ስልካችን ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ የለውም፤ ቀለሙ ካረፈ አረፈ።

ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በ1771 ሞተ፤ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ እያለ። ብሩስ ሥዕሎቹን ይዞ አገሩ ገባ፣ በ1790 አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ፣ የሥዕሎቹንም ክብር ለራሱ አደረገው። ዋጊኖስ እንኳን በሳይንስ ስሙ «ብሩሲያ» ነው የሚባለው። ባሉጋኒ የት ሄደ?

«ከፍሎት የለ እንዴ?» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ያለ ብሩስ ገንዘብና ድፍረት ጉዞውም አይኖርም ነበር። ግን ከፍሎ ማሠራት ሌላ፣ መሳል ሌላ። (ብሩስን የማመሰግንበት ነገርም አለኝ፦ ጤፍን ጤፍ፣ ኮሶን ኮሶ ብሎ በሀገሬው ስም ነው ያሳተመው።)

ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ የዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ናቸው። ድረ ገጹ ላይ የባሉጋኒን ስም በላቲን ፊደል ብትፈልጉ ይወጡላችኋል፤ ሠዓሊ በሚለው ቦታ የተጻፈው የሱ ስም ነው። ስክሪንሾት ስታደርጉ ያቺን መስመር አትቁረጧት። አሳትማችሁ ካፌያችሁ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉም፣ ከሥሩ «ባሉጋኒ፣ ጎንደር» የምትል ትንሽ ጽሑፍ ቦታ አታጣም።