ነጥብ ሆና የታየች ፕላኔት ምን አጠፋች?

ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ሰማይ ፈገግ ይላል ተብሎ ነበር። ቬነስና ሳተርን እንደ ዓይን፣ ቀጭኗ ጨረቃ እንደ አፍ ሆነው ይታያሉ የሚለው ወሬ ቀኑ ሳይደርስ በማኅበራዊ ሚዲያ ዓለምን አዳረሰ፤ ጥርት ያለ ሳቂታ ፊት የሚያሳይ ምስልም ታከለበት። በዚያ ንጋት ሦስቱ በርግጥም በምሥራቅ ተቀራርበው ወጡ። ሳተርን ግን ከቬነስ ጋር ስትተያይ እጅግ ደብዛዛ ነበረች፤ ጨረቃዋም ከአድማስ ብዙ ከፍ ሳትል ነጋባት። ምስሉን አምኖ በሌሊት የተነሣ ሰው የጠበቀውን ፊት አላገኘም።

እንዲህ ያለው ምስል በቀላል ስሌት ይጋለጣል። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው። በተራ የስልክ ካሜራ ያለ ዙም ስትነሣ የፎቶውን ወርድ 1 በመቶ እንኳ አትሞላም። ጁፒተር ደግሞ እጅግ ቀረበች በሚባልበት ጊዜ ስፋቷ ለዓይን የጨረቃን አንድ አርባኛ ቢያህል ነው። እንግዲህ ከቤት ጣሪያ በላይ ግዙፍ ጨረቃ፣ ከጎኗም ቀለበቷ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ትልቅ ሳተርን ያለበት ፎቶ ሲመጣ መጠርጠር ይገባል።

ጋዜጦችና የዜና ገጾች ግን ይህን ጥርጣሬ ለአንባቢ ብቻ መተው የለባቸውም። የሰማይ ፎቶ ሲያወጡ መቼና የት እንደተነሣ፣ ፎቶው አንድ ጊዜ የተነሣ ይሁን ከብዙ ፎቶዎች የተዋሐደ ከሥሩ ሊጽፉ ይገባል።

ማዋሐድ በራሱ ነውር አይደለም። ፀሐይ ያረፈበትን ቀጭን የጨረቃ ክፍል ለማንሣት የሰከንድ ሽራፊ ይበቃል። ጥቁሩ ክፍል ግን ከምድር ተንጸባርቆ በሚደርሰው ደካማ ብርሃን ብቻ ስለሚታይ ሰከንዶች ይፈልጋል፤ የዚህን ብርሃን ምንጭ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት ገደማ አስረድቶታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ መያዝ ለካሜራ ስለሚከብደው ባለሙያዎች ሁለት ፎቶ አንሥተው ያዋሕዳሉ። ናሳ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀኑ በሚያወጣው የሥነ ፈለክ ፎቶ ሥር እንዲህ ያለውን አሠራር የሚገልጽ ማብራሪያ ማንበብ የተለመደ ነው።

የሚያስቸግረው ሳይነገር የሚደረገው ነው። በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. አንድ የሳምሰንግ ስልክ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከፍቶ ከርቀት አነሣው። ስልኩም በምስሉ ላይ ያልነበሩ ጉድጓዶችን ጨምሮ አጥርቶ አወጣለት። ኩባንያው በሰጠው ማብራሪያ ስልኩ ጨረቃን ሲለይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዝርዝሩን እንደሚያጎላ፣ ባለቤቱም አሠራሩን ማጥፋት እንደሚችል ገልጿል። ይህን የሚያውቀው የስልክ ባለቤት ግን ስንቱ ነው?

ያልተነካካው ፎቶ ደግሞ ድሃ አይደለም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት ጁፒተርና ሳተርን በ0.1 ዲግሪ፣ ማለትም በጨረቃ ስፋት አንድ አምስተኛ ርቀት፣ ጎን ለጎን ታዩ፤ ከ1623 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲያ ተቀራርበው አያውቁም። ቴሌስኮፕ ያላቸው የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን ጨረቃዎች አንድ ፎቶ ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ቀጭን ጨረቃ በአጠገባቸው አልፋ ነበር። ያን ምሽት ሦስቱን አንድ ላይ ያነሣ ስልክ ከጨረቃ የያዘው ብርሃን ጉዞው 1.3 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ የጁፒተር ወደ 50 ደቂቃ፣ የሳተርን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዟል። በፎቶው ላይ ሁለቱ ፕላኔቶች ነጥብ ቢሆኑም እውነተኛ ነጥቦች ናቸው።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ፣ ስልኩን አጥር ላይ ወይም ትራይፖድ ላይ አስደግፎ፣ ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ነክቶ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግና እጅ እንዳያናውጠው በሰዓት ቆጣሪ ማንሣት ነው። የዛፍ ጫፍ፣ ጉልላት ወይም ሚናራ ከሥር ቢገባ ፎቶው የት እንደተነሣ ይመሰክራል። ስቴላሪየም የተባለው መተግበሪያ የትኛዋ ፕላኔት በየት በኩል እንደምትወጣ ያሳያል።

ሰኔ 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ቬነስና ጁፒተር በምዕራብ ሰማይ በ1.6 ዲግሪ ይቀራረባሉ፤ ከሳምንት በኋላ ቀጭኗ ጨረቃ በአጠገባቸው ታልፋለች። አገር ቤት ወቅቱ የክረምት መግቢያ ነውና ደመና ሊጋርዳቸው ይችላል፤ በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚኖሩ ወገኖች ግን ጥርት ያለ ሰማይ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ፎቶውን ለጋዜጣ የሚልክ ሰው ቀኑን፣ ቦታውንና ያዋሐደው ነገር ካለ እሱን አብሮ ይጻፍ፤ አዘጋጁም ይህን መረጃ ሳይቆርጥ ያትመው።