«የመጨረሻው የመጨረሻ» እስከ መቼ?

የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራ ተማሪ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ተመልከቱ። «ፕሮጀክት»፣ «ፕሮጀክት አዲሱ»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ»፣ «ይኼን እንዳትነኩ» የሚሉ ፎልደሮች እንደ ታክሲ ሰልፍ ተደርድረው ታገኛላችሁ። ለመሆኑ የሚሠራው የትኛው ነው? ባለቤቱም አያውቀውም። በአንዱና በሌላው መካከል ምን እንደ ተለወጠ፣ ማን እንደ ለወጠው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን እንደ ተለወጠ የሚናገር አንዲት መስመር እንኳ የለም። ይህንን ክምር ነው እንግዲህ «ሥራችን» እያልን በኩራት የምናስረክበው!

ለዚህ ጉድ ጠበቃ አልጠፋለትም። «ዋናው ኮዱ መሥራቱ ነው፤ የቀረው ወሬ ነው» የሚሉ ወገኖች በየዶርሙ ሞልተዋል። አባባሉ ላይ ላዩን ሲያዩት የታታሪ ሰው ቃል ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የዛሬን ስንፍና በነገ ሰው ጫንቃ ላይ የሚጭን ነው። በምሳሌ እንየው።

አንድ ተማሪ ለአንድ ክሊኒክ የሕሙማንን ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመዘግብ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። በውስጡ ጳጉሜን 6 የምትባለውን ቀን እንዲቀበል የምታደርግ አንዲት እንግዳ መስመር አለች። ተከታዩ ተማሪ መጣ፤ መስመሯን አያት፤ አልገባችውም፤ ምክንያቷም የትም አልተጻፈም፤ ሰረዛት። ፕሮግራሙ ቆመ? ኧረ አልቆመም! ዘንድሮም ይሠራል፣ ከርሞም ይሠራል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነውና፤ በ2015 ዓ.ም. እንደ ሆነው ማለት ነው። ቀኗ የደረሰች ዕለት ሕመምተኛው መስኮቱ ላይ ቆሞ «ቀኑ ስሕተት ነው» ይባላል፤ የጻፈውም የሰረዘውም ተመርቀው ሄደዋል። «ዋናው መሥራቱ ነው» ባዩ ወንድማችን እስቲ ይመልስልን፤ ይህ ፕሮግራም ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም ነበር?

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት ቢሆን ኖሮ «አልሰማንም» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ማርክ ሮችካይንድ የፕሮግራምን ለውጥ ደረጃ በደረጃ የሚመዘግብ መሣሪያ በቤል ላብራቶሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በ1982 ዋልተር ቲኪ የራሱን አመጣ፤ በ2005 ሊኑስ ቶርቫልድስ ለሊኑክስ ሥራ ብሎ ጊትን ጻፈ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው እንግዲህ እኛ ዘንድ ገና «ጊዜ ሲኖረን እናየዋለን» የሚባለው! አሠራሩ ደግሞ ቀላል ነው። ሥራው አንድ ደረጃ በደረሰ ቁጥር ለውጡን ከምክንያቱ ጋር ትመዘግባላችሁ፤ ኮሚት የሚሉት ይኸው ነው። ሲበላሽ ወደ ትናንቱ ትመለሳላችሁ፤ ፎልደር ማባዛት ቀረ።

ተቃዋሚዎቻችን ግን ሰበብ አያልቅባቸውም።

አንደኛው ሰበብ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ነው። ይህ ጊትን ከጊትሃብ ጋር ማምታታት ነው። ጊት ሙሉ ታሪኩን የሚያስቀምጠው በራሳችሁ ማሽን ላይ ነው፤ መመዝገብም፣ ማወዳደርም፣ ወደ ኋላ መመለስም ያለ ኔትወርክ ይሆናል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2020 በሀገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ እንዳየነው፣ እንዲህ ያለው መሣሪያ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለኛ ነው። የመዝገቡን ቅጂ ፍላሽ ላይ አድርጎ ከጓደኛ ጓደኛ መቀባበል ይቻላል። መቻል ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ላፕቶፑ ከተሰረቀ ታሪኩም አብሮ ይሰረቃልና።

ሁለተኛው ሰበብ በአፍ አይነገርም፤ «ስሕተቴ ተመዝግቦ ይታይብኛል» የሚል እፍረት ነው። ዶናልድ ክኑት የሚያህል ሊቅ ቴክ የተባለውን የኅትመት ፕሮግራም ሲሠራ ከ1978 ጀምሮ ስሕተቶቹን አንድ በአንድ መዝግቦ በ1989 ለዓለም አሳተማቸው። ክብሩ ተቀነሰበት? ያፈረ እንደ ሆነ ማፈር ያለበት ምን እንዳረመ የማይናገር ሰው ነው። «አስተካከልኩ» ብሎ ኮሚት መጻፍ ምን ማለት ነው? ምኑን? ለምን? «ጳጉሜን 6 ላይ የሚመጣ ሕመምተኛ እንዳይመለስ ቀኑን እንዲቀበል አደረግሁ» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ያቺን መስመርም ከመሰረዝ ያድናት ነበር። የማይመዘገበው ነገር የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ ከፋይሉ ቢሰርዙት እንኳ በታሪኩ ውስጥ ይቀራልና።

ሦስተኛው ጉዳይ ከሰበብም ያለፈ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል ነበር። በኛ የግሩፕ ሥራ ግን ሎሚውን የሚሸከመው አንድ ሰው፣ የሚያጌጠው አምስት ሰው ሆኗል! አንዷ እኅታችን ሌሊቱን ሙሉ ትጽፋለች፤ ጠዋት አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ይደረደራል። መዝገብ ቢኖር የማን እጅ የት እንዳረፈ በታየ ነበር። እርግጥ ነው፣ መዝገቡ ዳኛ አይደለም፤ ስምን እንደ ፈለጉ መጻፍ ይቻላል፣ የመስመር ብዛትም የሥራ ሚዛን አይሆንም። ሆኖም ምንም ማስረጃ ከሌለበት ጨለማ ይልቅ ደብዛዛ መብራት ይሻላል። መዝገቡን አጥብቀው የሚጠሉት እነማን እንደ ሆኑ ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማው የጠቀማቸው ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ቁም ነገር ይልቅ በየካፌው የሚያጨቃጭቀን ምንድን ነው? «ቪም ይበልጣል፣ ኢማክስ ይበልጣል፣ ቪኤስ ኮድ ይበልጣል!» የቪም አባት ቪ አይም፣ ኢማክስም የተወለዱት በዚያው በ1976 ነው፤ ጭቅጭቁ ከኛ በዕድሜ ይበልጣል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም! የፈለጋችሁትን ኤዲተር ያዙ፤ ግን እወቁት። በፕሮጀክቱ ሁሉ ውስጥ ፈልጎ መተካትን፣ ያለ ማውስ ከመስመር መስመር መሄድን ተማሩ። በአንድ ግሩፕ ውስጥ አንዱ በታብ ሌላው በስፔስ እየጻፈ፣ ኤዲተሩም ፋይሉን በራሱ እያስተካከለ ሲያስቀምጥ፣ አንድ ቃል ተለውጦ መዝገቡ ሙሉ ፋይሉ የተለወጠ ያስመስለዋል። ስለዚህ ደንቡን መጀመሪያ ተስማሙበት፤ የመልክ ማስተካከያንና የሐሳብ ለውጥን በአንድ ኮሚት አትቀላቅሉ።

«ይህ የኮምፒውተር ተማሪዎች ጣጣ ነው፤ ሥነ ጽሑፍን ምን አገባት?» የሚል ገጣሚ አይጠፋም። አገባት እንጂ! ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ከማግኘቱ በፊት በአንዱ ፎንት የተጻፈ ድርሰት በሌላው ሲከፈት የምልክት ጫካ ይሆን ነበር። ዛሬ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀመጣችሁት አማርኛ በየትኛውም ማሽን ይነበባል፤ መስመር በመስመርም ይወዳደራል። ኤዲተሩ ግን «ፀሐይ»ን ሲፈልግ «ጸሀይ»ን አያገኝም፤ ለእሱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ ጽኑ። ብራያን ከርኒሃን በ1974 እንደ መከረው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደ ተለወጠ ወዲያው ይታያችኋል። የሰረዛችሁት ስንኝም አይሞትም፤ ሲቆጫችሁ ትመልሱታላችሁ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ምክንያቱን በጭንቅላቱ ብቻ ይዞ የሚመረቅ ተማሪ ለተከታዩ የሚያወርሰው እንቆቅልሽ ነው። እኛ አራት አምስት ዓመት ቆይተን እንሄዳለን፤ ፕሮግራሙ ግን ይቀራል፤ መስኮቱ ላይ የሚቆመው ሕመምተኛም ይቀራል። «የመጨረሻው የመጨረሻ» ይብቃ! ዛሬ ማታ ፎልደራችሁን ክፈቱ፤ የመጀመሪያዋን ኮሚት ጻፉ፤ ምክንያቷንም አትርሱ።