የዲዝኒ ትኬት ጨመረ፤ የሚሸፍነው ግን ቀነሰ

በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ መጫወቻው ለየብቻ ይከፈልበታል። በኦክቶበር 2024 ሰው በሚበዛባቸው ቀናት የአንድ ቀን ትኬት 206 ዶላር ገባ። ዕድሜያቸው 10 የሞላ ሦስት ልጆች ላሏቸው ወላጆች ከ1,000 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ ምግብና የመኪና ማቆሚያ ሳይጨመር።

ከጭማሪው ይልቅ የሚያነጋግረው ትኬቱ ውስጥ የቀረው ነገር ነው። ከ1982 ጀምሮ አንዴ የከፈለ ሁሉንም ይጫወት ነበር። ሰልፍ የሚያሳጥረው ፋስትፓስም ከ1999 ጀምሮ በነጻ ነበር። በ2021 ቀረና አገልግሎቱ በገንዘብ ሆነ። አሁን ያልከፈለው አባት ልጁን ይዞ እንደቆመ የከፈለው ያልፈዋል። (ልጅ ደግሞ ይህን ቶሎ ያያል።) በኮሮና ጊዜ፣ በ2020፣ ኩባንያው 28,000 ሠራተኞች እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ተዋንያንም ተነኩ፤ በዚያው የቀሩ ትርኢቶች አሉ።

ዋጋው ከ2016 ወዲህ እንደ ቀኑ ይለያያል፤ በገና ሰሞን ይወደዳል። ዒድ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ ተራ የሥራ ቀን ላይ ሊውል ይችላል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ያኔ ትኬቱ ይረክሳል፤ ትምህርት ቤቱ ለዒድ ካልዘጋ ግን ልጁ ከክፍል መቅረቱ ነው።