ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

የደጎሎና የመካነ ሰላም አካባቢ ገበሬ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሲመለስ ትኩሳት ይዞ ሊመጣ ይችላል። «እኛ ደገኞች ነን» ማለት አያዋጣም። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ በአገሪቱ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንደፈጀ ይገመታል።

ይሁን እንጂ ተስቦም፣ ግርሻም ያተኩሳል። በግምት የወባ ኪኒን የተሰጠው ሕመምተኛ ሌላው በሽታው ሥር እየሰደደበት ይሄዳል። በጤና ኬላ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም፣ ያለ መብራትና ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በ20 ደቂቃ ያህል ወባውን መለየት ይቻላል።

በ2006 ዓ.ም. የሲንጋፖርና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የወባ ተሕዋስ በደም ውስጥ የሚተወውን ብረት አዘል ቅሪት በማግኔት ኃይል የሚለይ አነስተኛ መሣሪያ ሠርተዋል። ሙከራው የሚያስመሰግን ነው። እስኪደርሰን ግን በእጃችን ያለውን በአግባቡ እንጠቀም።

በጋለ ቆርቆሮ ሥር የከረመ መመርመሪያ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች «መመርመሪያው ስንት ቀረ? የትስ ተቀመጠ?» ብለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን መጠየቅ ያለባቸው ሰዉ ከቆላ ከመመለሱ በፊት ነው። ለማዳበሪያ የሚደረገው ክትትል ለዚህ ሲሆን ስለምን ይላላል?