«ውጤትሽ ኖርማል ነው» ከተባለ በኋላ

ስለ ፋይብሮማያልጂያ ጻፍልን እያላችሁ በውስጥ መስመር የወተወታችሁኝ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይኸው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቻሉት።

ለማታውቁት፦ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ፣ መላ ሰውነትን የሚያዳርስ ሕመም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶም እንዳልተኙ ሆኖ መነሳት አለ፤ ሊናገሩት ያሰቡት ቃል እየጠፋ መቸገር አለ። ሴቶች ላይ ይበዛል። የደም ምርመራውም ራጁም ግን ምንም አያሳዩም። ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ሐኪም ቤት «ውጤትሽ ኖርማል ነው» የተባለው ቤት ሲደርስ «ምንም የለባትም» ይሆናል፤ ሲሰነብት ደግሞ «ቀበጠች»፣ «ሰነፈች»። ሕመሙ አልበቃ ብሎ መታመሟን ማስረዳትም ሌላ ሥራ ሆነባት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መስፈርት ሐኪሙ 18 ቦታዎችን በጣቱ ይጫናል፤ ቢያንስ 11ዱ ማመም ነበረባቸው። በ2010 ግን መጫኑ ቀርቶ ስንት ቦታ እንደሚያም፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ማሰቡ መጠየቅ ሆነ። መስማት ራሱ ምርመራ ሆነ እኮ! ሰልፉ ኮሪደሩን በሞላው ተመላላሽ ክፍል የሚጎድለውም እሱ ነው።

«ታዲያ የጭንቀት ነው?» ትሉኛላችሁ። እኔ «የአእምሮ ነው» ብሎ መሸኘትም፣ «አእምሮ አያገባውም» ማለትም አይዋጥልኝም። የነርቭ ሥርዓቱ የሕመምን መልእክት አጉልቶ ያስተናግዳል፤ አንዳንዷን ልጇ ሲያቅፋት ያማታል። ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሕመሙን ያብሳል። «ብንቀሳቀስ ይብስብኛል» የሚል ፍርሃት ከቡናውም ከዕድሩም ያስቀራታል፣ ጡንቻው ይደክማል፣ ድብርት ይከተላል። «አለቀልኝ» የሚል ሐሳብ የበረታባቸው ሰዎች ሕመማቸውም ይበልጥ ይከብዳቸዋል። ይህን መናገር ግን ውሸቷን ነው ማለት አይደለም። የማያምናት ሰው ደግሞ በዚሁ ሸክም ላይ ይጨምርባታል።

በጣም የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። አሚትሪፕቲሊን ይታዘዝላታል፤ ማታ ማታ 10 ወይም 25 ሚሊግራም። ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ለሕመሙና ለእንቅልፉ ነው። ይህን የነገራት የለም። ከካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ስታነብ «የድብርት መድኃኒት» ይላል። «ለካ አብዳለች ብለውኛል!» ብላ ትተወዋለች። ከዚያ በየሳምንቱ ዲክሎፌናክ መወጋት ነው፤ ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፣ ጨጓራና ኩላሊት ግን ይጎዳል። ሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

በአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር መመሪያ በጠንካራው ደረጃ የተመከረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰውነት እንቅስቃሴ። ውድ ክኒን አይደለም። ግን «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መሸኘት አይሠራም። አሥር ደቂቃ የእግር ጉዞ፣ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ጭማሪ። ደህና በሆነችበት ቀን ለበዓል ብላ ቤቱን ሙሉ አጥባ ሦስት ቀን የምትተኛዋን ታውቋታላችሁ፤ ለእሷ ሥራን ከፋፍሎ መሥራትም ሕክምና ነው። ይህን የሚያለማምድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከተገኘ እሰየው።

ባሎች፣ እናንተም ብትሆኑ እንስራውን፣ ልብስ እጥበቱን ተካፈሉ፤ ማስረጃ አምጪ ሳትሉ።

የመድኃኒት መጠን እዚህ አትጠይቁኝ፣ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። ስለ እንቅልፉ ሌላ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ።